የሐይቁ ድርሻ

የምጽፍላችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ በሕልሜም አላየሁትም። እያንዳንዱን ቁጥር በዕለቱና በሰዓቱ መዝግቤዋለሁ። ደብተሩ አሁንም ፊቴ ተከፍቷል።

መጀመሪያ፣ ምንም ነገር ሳይለወጥ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ...

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2023። ከጠዋቱ 10:15፣ በሀበሻ ሰዓት አራት ከሩብ። ቦታው ቶሮንቶ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ያለ የአንድ ትንሽ ሙዚየም ቤዝመንት ነው። ሙቀት 19 ዲግሪ። እርጥበት 48 ከመቶ። የእኔ ክብደት 71.5 ኪሎ። የጓደኛዬ የፋሩቅ 78.4።

መደርደሪያው ላይ አንድ ድንጋይ አለ። ደረቅ ነው።

ሁለታችንም ደህና ነን።

አምሃ እባላለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሥራዬ የሚዛን ቁጥጥር ነበር። መርካቶን ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የነጋዴውን ሚዛን እፈትሻለሁ፣ ልዩነት ካለው እጽፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ከዚያ ሥራ አንድ ልማድ ይዤ ወጣሁ፤ ፎርም ላይ ባዶ ሳጥን ካየሁ ውስጤ አያርፍም።

ሙዚየሙም የቀጠረኝ ለዚሁ ነው። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እለካለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ካርዳቸው ላይ የጎደለውን እሞላለሁ።

ሰፈሩ ድሮ፣ ከተማው ሳይውጠው በፊት፣ ለብቻው የቆመ የጀልበኞች መንደር ነበር። ሰዎቹ ከሐይቁ የሚያወጡት ዓሣ ብቻ አልነበረም። ድንጋይም ያወጡ ነበር። በትንንሽ ባለሸራ ጀልባ ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ በረጅም መንጠቆ የሐይቁን ወለል እየፈነቀሉ ድንጋዩን ወደ ጀልባው ይስባሉ። ከዚያ ለከተማው ግንበኞች ይወስዱታል። የአንዳንዱ አሮጌ ቤት መሠረት የእነሱ ድንጋይ ነው።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሚስተር ሊዮ ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። አያታቸው የድንጋይ ጀልባ ካፒቴን ነበሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ በቮልንቲርነት ይመጡና ላይ ቤት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የመጣውን ጎብኚ ሁሉ ያጫውታሉ።

አንድ ልማድ ደጋግመው ያነሱልኝ ነበር። ጀልባው ሲሞላ፣ የመጨረሻው ድንጋይ አይሸጥም። ወደ ውኃው ይመለሳል። "የሐይቁ ድርሻ" ይሉታል። አይመዘንም፤ በእጅ ከፍ ተደርጎ እንዲሁ ይጣላል።

ለምን እንደማይመዘን ጠይቄያቸው አላውቅም።

መጠየቅ ነበረብኝ።

ቤዝመንት ውስጥ ያለው ድንጋይ ወደ ውኃው ሳይመለስ የቀረ የሐይቁ ድርሻ ነው። ከሚስተር ሊዮ ቤተሰብ የመጣ ነው። ካርዱ ላይ ርዝመቱ ተሞልቷል፣ ስፋቱ ተሞልቷል፣ ቀለሙ ተሞልቷል።

ክብደት የሚለው ሳጥን ግን ባዶ ነው።

ባዶ ብቻም አይደለም... በእርሳስ ሦስት መስመር ተሰምሮበታል። አንዱ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው የተሰመረ። ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

"ሦስት ሰነፎች" አልኩ።

ፋሩቅ ሳቀብኝ።

ፋሩቅ የሙዚየሙ የጥገና ሠራተኛ ነው። ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ በእናቱ በኩል ግን የምጽዋ ሰው ነው። አያቱ ሳምቡክ የሚባለውን ባለሸራ የእንጨት ጀልባ ከምጽዋ ዳህላክ የሚያመላልሱ ካፒቴን ነበሩ። የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት የላይኛው አንጓ የለውም፤ መጋዝ ቆርጦታል። ሚስቱ ሳሊሃ ያኔ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ ከእሱ የቀረበ ሰው አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት እነሱ ቤት ሶፋ ላይ ነው።

"ኢንስፔክተር" አለኝ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል፤ "እዚህም ነጋዴ ልትይዝ ነው?"

ከዚያ ስለ አያቱ አወራኝ። መረቡ ሲወጣ የመጀመሪያውን ዓሣ ሳያዩት ወደ ባሕሩ ይመልሱት ነበር። ፊታቸውን አዙረው። እኔን ቢያገኙኝ ዓሣውን ትተው እኔን ይጥሉኝ እንደነበር ነገረኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ሥራችንን ቀጠልን።

ሙዚየሙ ያለው ሚዛን ሰው የሚቆምበት ዓይነት ነው። ድንጋዩ ሰፊ ስለሆነ ቢቀመጥበት ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ የድሮውን ዘዴ ተጠቀምኩ። ሰው ብቻውን ይቆማል፤ ከዚያ ድንጋዩን ይዞ ይቆማል፤ ልዩነቱ የድንጋዩ ነው። ቁጥሩን የማነበው እኔ ስለሆንኩ ድንጋዩን የሚይዘው ፋሩቅ ሆነ።

ብቻውን 78.4። ከድንጋዩ ጋር 112.0።

ድንጋዩ 33.6 ኪሎ ነው። በእስክሪብቶ ሳጥኑ ውስጥ ጻፍኩት።

ድንጋዩ ላይ አሥር ስርጉዶች ነበሩ። ሊጥ ጨብጦ የለቀቀ ሰው ጣቶች ይመስላሉ። እነሱንም ለካሁ። የቀኝ እጅ ጠቋሚው 66 ሚሊሜትር።

"ልክ ገባልኝ" አለ ፋሩቅ እጁን እያስተካከለ። "ከአንዷ ጣቴ በቀር።"

እኔ አንድ ነገር አንዴ ለክቼ አልተውም። በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ሳምንት እለካለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 24። ፋሩቅ ከድንጋዩ ጋር 112.0።

ፋሩቅ ብቻውን 77.1።

ቁርስ አልበላህም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሦስት እንቁላል በልቷል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 31። ከድንጋዩ ጋር 112.0። ብቻውን 75.7።

ሰው ይከሳል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ሰውየው ሲቀንስ ድምሩ ለምን አይቀንስም?

ድምሩ ካልቀነሰ... ድንጋዩ እየጨመረ ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑን ጠረጠርኩ። አርባ ሊትር ውኃ ይዤ ቆምኩበት። 111.5 አለ። የእኔ 71.5፣ የውኃው 40። ሚዛኑ ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ፋሩቅን ጠረጠርኩ። ቀልደኛ ነው። ኪሱን ፈተሽኩት፣ ጫማውን አስወለቅኩት፣ ቀበቶውን አስፈታሁት።

"መርካቶም እንዲህ ነበር የምታደርገው?" አለኝ።

ቁጥሩ የቀነሰው የቀበቶውን ያህል ብቻ ነው።

በመጨረሻ ድንጋዩን ብቻውን ለመመዘን ወሰንኩ። ቁጥሩ እንዳይሸፈን ሚዛኑ ላይ ረጅም ጣውላ አጋደምኩ። ጣውላው 2.1 ኪሎ ነው። ፋሩቅ ድንጋዩን ጣውላው ላይ፣ ከቁጥሩ ራቅ አድርጎ፣ በቀስታ አስቀመጠውና እጁን አነሳ።

ሚዛኑ 2.1 አለ።

ጠበቅን...

2.1።

ፋሩቅ ሁለት እጁን እንደገና ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። አልተጫነም፤ እያየሁት ነው፣ ነካ ብቻ ነው ያደረገው። ቁጥሩ ወዲያው ወደ ሠላሳ ስምንት ዘለለ። ይህም ድንጋዩና ጣውላው አንድ ላይ ናቸው።

"አምሃ" አለኝ በሹክሹክታ። ኢንስፔክተር አላለኝም።

"እ?"

"መልሰው። ቦታው መልሰው።"

ስመልሰው አንድ ነገር አየሁ። የቀኝ ጠቋሚ ጣቱ ስርጉድ አጥሯል። ለካሁት። 66 የነበረው 51 ሆኗል። የፋሩቅን ጣት ለካሁ።

51።

ከዚያ ቀን በኋላ ድንጋዩን አልመዘንነውም። ፋሩቅን ብቻ እመዝነው ነበር። ድንጋዩን ከተውነው ነገሩ ያበቃል ብዬ አስቤ ነበር።

ኖቬምበር 14፣ ፋሩቅ 71.9።

ሌሊት ሌሊት ሰው እየገባ ድንጋዩን ይቀይረዋል ብዬ የቤዝመንቱን በር በወረቀት አሸግኩት። ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። ጠዋት ስመጣ ወረቀቱም ፊርማውም እንዳለ ነው።

ድንጋዩ ሥር ግን መደርደሪያው እርጥብ ነበር። ክብ የውኃ ምልክት፣ ጠርዙ ላይ አሸዋ።

ፋሩቅ ሐኪም ቤት ሄደ። ደም፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ሁሉንም ቴስት አደረጉለት። ሁሉም ክሊር ነው። እንደውም ሐኪሙ ጤናህን ጠብቀሃል ብሎ አመሰገነው።

አንድ ከሰዓት ሳሊሃ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው፤ ፋሩቅ ሳሎን ነበር መሰለኝ።

"ወንድሜ፣ እባክህ ምን ደበቃችሁኝ?"

ምንም አልኩ።

ከበፊቱ እጥፍ እየበላ እንደሆነ ነገረችኝ። እሱ የሚተኛበት በኩል ፍራሹ ድሮ ጎድጎድ ያለ ነበር፤ አሁን ተነፍቶ ተስተካክሏል። እየተኛበት። እሷ እዚያው አጠገቡ ተኝታ እያየችው ፍራሹ ዝቅ አይልም። እና ልጁ ሳይወለድ አባቱ እንዳያልቅ ፈርታለች።

ድንጋዩ ይመዘን ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አልነገርኳትም።

ኖቬምበር 28 ጠዋት በረዶ ጣለ። እኔና ፋሩቅ ከአውቶቡስ ወርደን ሙዚየሙ ድረስ ጎን ለጎን ተራመድን። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል የእኔ ዱካ ጥልቅ ነው። የእሱ... ማስመሪያ አወጣሁ።

የእኔ 41 ሚሊሜትር።

የእሱ 6።

ፋሩቅ ስለካ ቆሞ ያየኛል። አልቀለደም።

"ስንት ነው?" አለኝ።

"ያው ነው" አልኩት።

"አትዋሸኝ።"

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ አያወራም ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ ላይ ቤት እየወጣ ሚስተር ሊዮ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። ሽማግሌው ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ያዝናኑታል ብዬ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 12። ጠዋት 10:15። ፋሩቅ 60.2 ኪሎ።

ሥራውን ሊለቅ መሆኑን የነገረኝ ያን ቀን ነው። አቅም የለኝም አለ። ከመሄዴ በፊት ግን መዝገብህ ይጠናቀቅ፤ ከኦክቶበር ወዲህ የድንጋዩን ቁጥር ባዶ ነው የተውከው፤ እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ እንደሚነሳህ አውቃለሁ አለኝ።

እውነቱን ነው። ይነሳኛል።

"ዛሬ አንተ ያዘው" አለኝ። "እኔ ልይልህ ቁጥሩን።"

አሁን ያኔ ያየኋቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል ልጻፍ። ያኔ አይቻቸዋለሁ። ግን አልደመርኳቸውም።

አንደኛ፣ ሚዛኑ ቀድሞ ወለሉ መሃል ወጥቷል። እኔ አላወጣሁትም።

ሁለተኛ፣ አቅም የለኝም ያለው ሰው ድንጋዩን ከመደርደሪያው ራሱ አነሳው። እኔ ላንሳው ስለው እንቢ አለ።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ቁም አለኝ። ቆምኩ። ከእጄ ተቀበለኝ አለኝ። ተቀበልኩት። ሲሰጠኝ ጣቶቹን ወዲያው አልለቀቀም። ዓይኔን አላየኝም።

"ይቅር በለኝ" አለ።

"ለምኑ?"

"ከባድ ነው።"

ከባድ ነበር። እንደ ድንጋይ አልቀዘቀዘም፤ የሰው ገላ ያህል ሞቅ ብሎ ነበር።

ፋሩቅ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ። በቀስታ፣ ቃል እንደሚቆጥብ ሰው።

"አንድ መቶ... ሃያ ሦስት... ነጥብ ሦስት።"

የእኔ 71.5 ሲቀነስ ድንጋዩ 51.8 ነው። የፋሩቅ 60.2 ሲደመርበት 112.0። ልክ ነው። ሒሳቡ ዝንፍ አላለም። ድንጋዩን አስቀመጥኩና ደብተሬን አወጣሁ።

ጻፍኩት። ቀና ስል ፋሩቅ ኮቱን ለብሶ ደረጃው ላይ ነበር። ደረጃው ከእንጨት ነው፤ ለወር ያህል ሲረግጠው ድምፅ አያወጣም ነበር።

ያን ቀን ሲጢጥ ሲል ሰማሁት።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 19። እኔ 70.2።

አራት ዓመት ሙሉ ክብደቴ 71.5 ነው። አንድም ቀን አልተለወጠም። ጫማ አውልቄ፣ ኪሴን አራግፌ እንደገና ቆምኩ።

70.2።

ለፋሩቅ ደወልኩ። አያነሳም። መልእክት ላኩ። አንብቦታል፤ አልመለሰም።

በዓሉ አለፈ። ሚስተር ሊዮ ከዕረፍት የተመለሱት ጃንዋሪ 9 ነው። ያን ጠዋት 65.9 ነበርኩ። ሱሪዬን በገመድ አስሬ ነው ላይ ቤት የወጣሁት። እና ገና ያኔ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ።

የሐይቁ ድርሻ ለምን አይመዘንም?

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ሱሪዬን፣ ገመዱን፣ ፊቴን።

"ጓደኛህ አልነገረህም?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ከገና በፊት እዚሁ ተቀምጦ ጠይቆኝ ነበር። የሴት አያቴ ደብዳቤ የት ካርቶን ውስጥ እንዳለ አሳየሁት።"

"መቼ?"

አሰቡ። የጎብኚዎችን ደብተር ገለጡ። ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 5።

ከመጨረሻው ሚዛን ሰባት ቀን በፊት።

ካርቶኑ ቤዝመንት የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ነው። ክዳኑን ከመንካቴ በፊት አየሁት፤ ልማዴ ነው። አቧራ ለብሷል። አቧራው ላይ አንድ የቀኝ እጅ አርፎ ተነስቷል። አራቱ ጣቶች ሙሉ ናቸው።

ጠቋሚው አጭር ነው። 51 ሚሊሜትር።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። የካፒቴኑ ሚስት የጻፈችው። አንድ ኖቬምበር ላይ ባሏ ከግንበኛ ጋር ተከራክሮ የመጨረሻውን ድንጋይ ሚዛን ላይ አወጣው ትላለች። የያዘው እሱ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ልብሱ ሁሉ ይሰፋው ጀመር። ሦስት ጊዜ ድንጋዩን ሐይቁ ላይ ጣሉት፤ ሦስቱንም ጊዜ በነጋታው ደጃቸው ላይ አገኙት። ደረቅ ሆኖ።

የተመዘነውን ሐይቁ አይቀበልም ትላለች። ድንጋዩ የሚከተለው ሲመዘን የያዘውን ሰው ነው። ያ ሰው የሚድነው ሌላ ሰው ሚዛን ላይ ቆሞ ከእጁ ከተቀበለው ብቻ ነው።

የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

"ባሌ ለማንም አልሰጠም። ስንቀብረው ሳጥኑን እኔ ብቻዬን ተሸከምኩት።"

የድንጋዩን ካርድ አወጣሁ። የስልኬን መብራት በጎን አበራሁበት። እንዲህ ሲበራ ተፍቆ የጠፋ ጽሑፍ ጫናው ወረቀቱ ላይ ይታያል። ከሦስቱ መስመሮች ሥር ሦስት ቁጥሮች ነበሩ። ሦስቱም ተፍቀዋል።

12.9።

21.4።

33.6።

ሰነፎች አልነበሩም። ከእኔ በፊት መዝነውታል። መስመሩን ያሰመሩት በኋላ ነው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 13፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሪጀንት ፓርክ የሚባለው ሰፈር፣ ፋሩቅ ቤት ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። በሰንሰለት ልክ ከፈተው።

ጉንጩ ሞልቷል። አንገቱ ተመልሷል። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

"ታውቅ ነበር" አልኩት።

በሩን በእጁ ደግፎ ያዘ።

"ፋሩቅ። ደብዳቤውን አንብበሃል።"

"ልጅ አለኝ፣ አምሃ።"

"እኔስ?"

ሰንሰለቱን አየ። ወለሉን አየ። ቀጥሎ ዓይኔን አየኝ፤ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"አይመዘንም ተብሎ ነበር" አለኝ። "የመዘንከው አንተ ነህ።"

ሰንሰለቱን በጣቴ ያዝኩት።

ሳሊሃ ከውስጥ ማነው ብላ ጠየቀች። ያቺ ወንድሜ የምትለኝ ሳሊሃ። የመጀመሪያውን ክረምት ብርድ ልብስ ያለበሰችኝ።

ፋሩቅ እኔን እያየ መለሰላት።

"በር ተሳስተው ነው።"

ዘጋው። ከውስጥ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁ።

ወደ አሳንሰሩ ስሄድ በኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ የእግሬ ድምፅ አይሰማም ነበር።

አሁን የደረስኩበትን ልጻፍና ልጨርስ።

ካርዱ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር ፍቄዋለሁ። እስክሪብቶ ስለሆነ ወረቀቱ ሳስቷል። በላዩ አራተኛ መስመር አስምሬበታለሁ። ድንጋዩን በእንጨት ሳጥን አድርጌ ክዳኑን በምስማር መታሁት። ሥራውን ለቅቄያለሁ፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው።

በእኔ ቦታ የተቀጠረችው ልጅ ቤቴል ትባላለች። እዚሁ የተወለደች የሀበሻ ልጅ ናት። ሐሙስ ትጀምራለች። ጠንቃቃ ናት ብለውኛል፣ ምንም ነገር አያመልጣትም። የካርዶቹን ኮፒ አስቀድመው ልከውላት ኖሮ ትናንት ኢሜይል ጻፈችልኝ። ባለ አንድ መስመር ጥያቄ ነው።

ክብደት የሚለው ሳጥን ለምን አልተሞላም? አንድ ላይ ሆነን ብንመዝነውስ?

ከትናንት ጀምሮ ኢሜይሉን አሥራ አንድ ጊዜ ከፍቼዋለሁ።

አልመለስኩላትም። አይሆንም ብዬ አልጻፍኩም። እሺ ብዬም አልጻፍኩም።

ዛሬ ጠዋት ስገባ የሳጥኑ ምስማሮች ወለሉ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። ስምንት ነበሩ፣ ስምንቱም አሉ። አንዱም አልታጠፈም። ድንጋዩ መደርደሪያው ላይ ነው። ሥሩ እርጥብ ነው።

ሚዛኑ ወለሉ መሃል ነው።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2024። ከጠዋቱ 10:15። ሙቀት 19 ዲግሪ። እርጥበት 71 ከመቶ። የእኔ ክብደት 57.6 ኪሎ።

ድንጋዩን አልመዘንኩትም። ስርጉዶቹን ብቻ ለካሁ።

የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት፣ 74 ሚሊሜትር።

የእኔም 74 ነው።